ካርታውን ቋጥረን፣ በብስክሌት ወደ እህቴ ቤት

ልጆቹ ንገሪን ብለው አላስቀምጥ አሉኝ። ከሰዓት በኋላ በልጅ ልጄ በሕሊና የብስክሌት ጥገና ቤት በር ላይ በርጩማ አውጥቼ እቀመጣለሁ፤ ጎማ ሊያስነፉ የሚመጡት ወጣቶች «እማማ፣ ያንን የደብረ ታቦሩን ጉዞ ይንገሩን እንጂ» ይላሉ። ለአንዱ መነሻውን፣ ለሌላው መድረሻውን ስነግር ወሬው ተቆራርጦ ቀረ። በመጨረሻ ሕሊና «እማዬ፣ ጻፊውና ሁሉም ይረፍ» አለችኝ።

እኔ የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። ፊደል የለየሁት ልጆቼ ሲያጠኑ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ነው፤ ስለዚህ አጻጻፌ እንደ አወራሬ ነው። ቤት መቀመጥ ግን አልወድም። አንዴ ለንግሥ፣ አንዴ ለለቅሶ፣ አንዴም እንዲሁ አገር ለማየት ስዞር ነው የኖርኩት። ከዞርኩበት ሁሉ ልቤ ውስጥ የቀረው ይሄኛው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔና ታላቅ እህቴ ጥሩወርቅ ያደግነው ደራ ነው። እሷ ከደብረ ታቦር ማዶ፣ ወደ እብናት በሚወስደው አገር ተዳረች፤ እኔ ባሕር ዳር ገባሁ። ለመጨረሻ ጊዜ የተያየነው በእናታችን ተዝካር ነው፤ ያኔ የሕሊና እናት ገና በጀርባዬ ታዝላ ነበር። የጥሩወርቅን ቤት ደርሼበት አላውቅም። አንድ ዓመት ሰኔ ሲገባ አቶ ሰይድ የሚባሉ የእብናት ጨርቅ ነጋዴ ዕቃ ሊገዙ ባሕር ዳር መጡና፣ እየጠየቁ ጥገና ቤቱን አግኝተው መልእክት አደረሱኝ።

«እህትዎ ‹ዓይኔ እየደከመ ነው፤ ሳይጠፋ ፊትሽን ልየው› ብለዋል» አሉኝ። «ስልክ የላቸውም፤ እዚያ ኔትወርክም አይደርስ። አጥቢያቸው ሚካኤል ነው፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ።»

በማግስቱ ልነሳ ነበር። ግን ዝናቡ ጀመረ፤ የዚያ አገር ጭቃ በክረምት ሰው አያሳልፍም አሉኝ። ክረምቱን ሙሉ ቆርቆሮው ላይ የሚወርደውን ውሃ እየሰማሁ አንድ ነገር ብቻ አሰብኩ፦ ዓይኗ ይጠብቀኝ ይሆን? ጥቅምት እንደገባ ተነሳን።

በብስክሌት ለምን ትሉኝ ይሆናል። ጉልበቴ መራመድ እምቢ ካለኝ ቆይቷል፤ ፔዳል ግን አይጠላም። ከመኪና መንገድ ገባ ብሎ ላለ ቤት ደግሞ መኪና ምን ያደርግልኛል? ባሕር ዳር ብስክሌት ማለት እንደ ጫማ ነው፤ አሮጊት ብትነዳ ዞሮ የሚያይ የለም። ሌላ አገር እንዲህ አለመሆኑን ያወቅሁት ገና መናኸሪያው ላይ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ሁለቱን ብስክሌቶች ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ ስናስጭን የደብረ ታቦር ልጅ የሆነው ረዳቱ «እማማ፣ ይሄ ሁለተኛው የማን ነው?» አለኝ።

«የኔ።»

«አይ፣ የሚነዳውን ነው የጠየቅሁት።»

«እኔው ነኝ የምነዳው።»

ትንሽ አየኝና ወደ ሾፌሩ ዞሮ ጮኸ፦ «ቀስ ብለህ ንዳ፣ ሻምፒዮን ጭነናል!» ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ እስከ ወረታ ድረስ ከኋላ ያሉት «ሻምፒዮን፣ መስኮቱን ይዝጉልን» እያሉ ነው የሄዱት።

የፎገራን የሩዝ ማሳ አልፈን ዳገቱን ስንጀምር ጆሮዬ ተደፈነ። ባሕር ዳር መሬቱ እንደ ትሪ ነው፤ ውሃም ሰውም የሚቸኩልበት የለም። እዚህ ግን መንገዱ ሽቅብ ይዞን ሄደ፣ ሄደ፣ ደብረ ታቦር ስንደርስ አየሩ ፊቴን እንደ ቀዝቃዛ እጅ ዳበሰኝ። ባጃጆቹ እንኳ የኛ ሰፈር ባጃጅ እንደሚንሸራተተው አይደሉም፤ ዳገቱ ላይ እንደ እኔ ጉልበት ያቃስታሉ። ያረፍንበት ቤት እመቤት ነጠላዬን አይታ «ከቆላ ነው የመጡት?» አለችና ሳልጠይቃት ጋቢ አመጣችልኝ። እንፋሎቱ የሚወጣ ቅቅል ድንችም በሚጥሚጣ አቀረበችልን። ባሕር ዳር ያለ አሳ እንግዳ የተቀበለ አይመስለንም። እዚያ ግን ድንቹ ራሱ ድግስ ነው፤ አፍ ላይ ይሟሟል።

ሕሊና ያንን ድንች እየበላች በቤቱ ዋይፋይ ካርታ ወደ ስልኳ ታወርድ ነበር።

«ኢንተርኔት በሌለበት ምን ያደርግልሻል?» አልኳት።

«ለዚህ እኮ ነው አሁን የማወርደው። ከእብናት ወዲያም ወዲህም ያለውን አገር ስልኩ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ። የት እንደቆምን የሚያሳየን ሰማይ ላይ ያለው ሳተላይት ነው፤ እሱ ኔትወርክ አይፈልግም።»

«እንደ ስንቅ ነዋ! ከቤት ቋጥረሽ፣ መንገድ ላይ የምትፈቺው።»

«እንዲያው ልክ እንደ በሶ» አለችና ሳቀች። ከዚያ ሚካኤል ብላ ስትፈልግ ሦስት ሚካኤል መጣ። «የትኛው ነው እማዬ?»

አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። አቶ ሰይድን የትኛው ሚካኤል ብዬ አልጠየቅኋቸውም። በየአጥቢያው ያለ ሰው ታቦቱን ሲጠራ በዓለም ላይ ሌላ እንደሌለ አድርጎ ነው የሚጠራው፤ ሰሚውም እንደዚያው ይሰማል። እኔም እንደ አዋቂ «ለመንገዱ የሚቀርበው ነዋ» አልኩ። እዚያ ላይ ምልክት አደረገች።

ዓርብ በማለዳ ተነሳን። ሕሊና ባትሪው ኔትወርክ ፍለጋ እንዳያልቅ የስልኩን ኔትወርክ ዘጋችና ስልኩን መሪው ላይ በጎማ አሰረችው። ጋፋትን አልፈን ወደ ጠጠሩ መንገድ ስንወጣ ጤፉ ገና አረንጓዴ፣ ገብሱ ቢጫ መሆን ጀምሮ ነበር። ስልኩ ላይ እኛ ማለት አንዲት ሰማያዊ ነጥብ ነን። ነጥቧ በመስመሩ ላይ ትሄዳለች፤ እኛ ስንቆም ትቆማለች፤ ስንታጠፍ ትታጠፋለች። እኔ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ከላይ ሆኖ የሚያየኝ እንዳለ ድሮም አውቃለሁ፤ በዓይኔ ሳየው ግን ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው።

አንድ ችግር ብቻ ተፈጠረ። በአገራችን ደንብ በበቅሎ የሚሄድ ሰው ቤተ ክርስቲያን ሲደርስ ይወርዳል፤ ተሳልሞ ነው የሚያልፈው። ብስክሌትም ያው መቀመጫ ነው ብዬ ሁልጊዜ እወርዳለሁ። ባሕር ዳር መንገዴ ላይ አንድ ቤተ ክርስቲያን ነው ያለው። ይህ ካርታ ግን ከኮረብታ ጀርባ ያለውን፣ ዛፍ የሸፈነውን፣ ጉልላቱ የማይታየውን ሁሉ ያሳያል።

«ይቺ መስቀል ምንድን ናት?» እላለሁ።

«ከዚያ ጉብታ ጀርባ ማርያም አለች።»

«አውርጂኝ እንግዲያ።»

እንዳለች እያወቅሁ፣ አይታይም ብዬ እንዴት ተቀምጬ ልለፍ? እስከ ቀትር ሰባት ጊዜ ወረድኩ። በሰባተኛው ሕሊና ላቧን ጠርጋ «እማዬ፣ እንዲህ ከሆነ በእግራችን ብንመጣ ይሻል ነበር» አለችኝ።

መንገድ ላይ ያገኘነውን ሁሉ ሰላም ሳልል አላልፍም፤ ሰላም ካልኩ ደግሞ እጠይቃለሁ። አንድ ሸምገል ያሉ ገበሬ፣ «ሚካኤል? ኧረ ቅርብ ነው እማማ፣ እዚችው ናት» አሉኝ። ሕሊና ስልኩን አየች፤ አሥራ አራት ኪሎ ሜትር። ከአንድ ሰዓት በኋላ በጎች የሚነዱ ሰው፣ «ደርሳችኋል እኮ!» አሉ። ስልኩ አሥር ኪሎ ሜትር ይላል።

«ሁሉም ይዋሻሉ» አለች ሕሊና።

«አይዋሹም። ላብ ያጠመቃትን አሮጊት ሩቅ ነው ማን ይላታል? ልብሽ እንዳይወድቅ ነው። ስልክሽ ግን ምን ገዶት!»

ከዚያ ስልኩ አቋራጭ አሳየን። ነጠብጣብ መስመር ነው፤ ነጠብጣብ ማለት የእግር መንገድ መሆኑን ኋላ ነው የተማርነው። መስመሩ ወደ ጅረት ቁልቁል ወረደ። ድንጋዩ ሌላ፣ ቀጋው ሌላ። እሾሁ የኔን የፊት ጎማ ወጋውና እስስ ብሎ ተነፈሰ። ሕሊና ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ ማስቲሹን አውጥታ ስትለጥፍ ሣር የተሸከሙ ሁለት ሴቶች ደረሱ። አንደኛዋ ሸክሟን ሳታወርድ ብስክሌቱን ዞራ አየችው።

«እሱ ነው እናንተን የሚሸከመው ወይስ እናንተ እሱን?»

«በየተራ ነው» አልኳት።

ሣራቸውን አስቀምጠው ሁለቱን ብስክሌቶች ጅረቱን አሻገሩልን፤ ተመልሰው እኔን ደግሞ በግራና በቀኝ ደግፈው አሻገሩኝ። ስማቸውን ስጠይቃቸው «ምን ያደርግልሻል፣ እግዜር ያድርስሽ» ብለው ሣራቸውን አንስተው ሄዱ።

አሥር ሰዓት ገደማ ስልኩ ደርሳችኋል አለ። እውነትም ዛፍ የከበበው ቤተ ክርስቲያን ፊታችን አለ። ከቅጥሩ የወጡ ቄስ አግኝቼ መስቀል ተሳለምኩና «አባ፣ የጥሩወርቅ ቤት የቱ ነው?» አልኳቸው።

«የቷ ጥሩወርቅ?»

«ከደራ መጥታ የተዳረችው። ባሏ ካረፉ ቆይቷል።»

ቄሱ፣ አባ አየለ ይባላሉ፣ አሰብ አደረጉ። «ልጄ፣ እኔ የዚህን አጥቢያ ሰው አንድ በአንድ አውቃለሁ። ከደራ የመጣች የለችም። እናንተ የምትፈልጉት ታችኛውን ሚካኤል ይሆናል፤ ይሄ ላይኛው ነው።»

ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ። አንድ ቀን እኮ ምንም አይደለም ትሉ ይሆናል። እኔ ግን ክረምቱን ሙሉ ቀን ስቆጥር ነው የከረምኩት፤ የቀረው አንድ ቀን ከሆነስ? ሕሊና ስልኩን ልታሳየኝ ስትሞክር ፊቴን አዞርኩባት፤ እሷ ምንም ሳታጠፋ።

አባ አየለ ቤታቸው ወሰዱን። ባለቤታቸው እማሆይ አይደሉም እንጂ ልባቸው የእማሆይ ነው፤ ወይዘሮ ደብሬ ይባላሉ። ለብ ያለ ውሃ አምጥተው ካላጠብኩ ብለው እግሬን ያዙ። «የባሕር ዳር እግር ለስላሳ ነው ሲሉ ሰምቼ ነበር። ይሄስ ከኔም ይብሳል!» ሲሉ፣ ሳልወድ በግድ ሳቅሁ። እንጀራ በሽሮ፣ የገብስ ቆሎና ጠላ ቀረበ። ሕሊና «እማዬ፣ ብዪ እንጂ» ስትለኝ ወይዘሮ ደብሬ ቀና ብለው አዩዋት።

«አያትሽን አንቺ ትያለሽ?»

«ያሳደገችኝ እሷ ናት» አለች ሕሊና አቀርቅራ።

«እንዲያ ከሆነ እናትሽ ናት፤ በይ» አሉና ቆሎውን ወደ እሷ ገፉት።

አባ አየለ ካርታውን ሲያዩ ግን ጠላቸውን ረሱት። ደብሩን አንድ በአንድ በጣታቸው እየነኩ፣ ስሙን እየጠሩ ተሳለሙ። «ይሄን ሁሉ ማን ዞሮ ቆጠረው?»

«ሰዎች ናቸው አባ። ያወቀ ሰው ያስገባዋል፤ የተሳሳተውንም ያርማል።»

«እንዲያ ከሆነ አንቺም እርሚው። ይሄን ላይኛው ሚካኤል በይው፣ ያንን ታችኛው። ሌላ አሮጊት መጥታ ደጄ ላይ እንዳታለቅስ።»

ሕሊና ጻፈችው። ኔትወርክ ያለበት ስንደርስ ለሁሉም ይደርሳል አለች። ሌላ ሰው በኔ ስሕተት እንዳይሳሳት መደረጉን ሳይ ንዴቴ በረደ።

ቅዳሜ በጠዋት በሩን ስንከፍት አገሩ የለም። ጉም ሁሉን ውጦታል፤ ግቢው ውስጥ ያለውን ዛፍ እንኳ አላይም። ባሕር ዳር ጠዋት ከሐይቁ የሚነሳ ጉም አለ፤ እሱ ግን ፀሐይ ስታየው የሚያፍር ነው። ይሄኛው ቤቱን የሠራ ይመስላል። አባ አየለ «ስድሳ ዓመት የኖርኩበት አገር ነው፤ ዓይኔን ጨፍኜ አደርሳችኋለሁ» ብለው ከዘራቸውን ይዘው ቀደሙ። እኛ ብስክሌቱን እየገፋን ተከተልን።

ጥቂት እንደሄድን ሕሊና፣ «አባ፣ መንገዱ ወደ ቀኝ ነው፤ ነጥቧ ከመስመሩ ወጥታለች» አለች።

«የለም ልጄ፣ ወደ ግራ ነው።»

«አባ፣ አንዴ ይቁሙልኝ!»

ቆሙ። ከዘራቸውን ወደ ፊት ዘረጉት፤ ከዘራው መሬት አጣ። ሌላ ሁለት እርምጃ ቢሄዱ ገደል ነበር። ከዚያ አባ ፈገግ አሉና ወደ ኋላ ተመልሰው የሕሊናን ብስክሌት ኮርቻ ያዙ። «በይ ምሪ። ይቺ ነገር ጉም አታውቅም።» አንዲት ልጅ ስልክ እያየች፣ ቄስ ኮርቻዋን ይዘው፣ እኔ ከኋላ በጸሎት፣ እንዲህ ሆነን ጫፉን አለፍነው። ድንጋዩን ሳናይ መታጠፊያውን እናውቅ ነበር። ካርታዋን የሠራት ሰው እጁ ይባረክ ብዬ መረቅሁ፤ ዛሬም እመርቀዋለሁ።

ቁልቁለቱ ሲጀምር አባ ተሰናበቱን። «ከዚህ ወዲያ ቅርብ ነው» አሉ። ሕሊና ስልኩን አየች፤ ስድስት ኪሎ ሜትር። አባም አዩ። «እህ፣ እሱ ለሚሮጥ ሰው ነው» አሉና ሁላችንም ሳቅን።

ወደ ታች ስንወርድ ጉሙ ከኋላችን ቀረ፤ ፀሐይ ወጣች፤ አየሩም እንደ ባሕር ዳር ሞቅ አለ። ፍሬኔ እየጮኸ፣ ደወሌን እየደወልኩ ቁልቁል ስነዳ ዕድሜዬን ረሳሁት። ታችኛው ሚካኤል ደርሰን ተሳለምን። ከዚያ ወዲያ ካርታው አለቀ፤ መስመር የለም፣ ቤት የለም፣ ነጥቧ ነጭ ላይ ብቻዋን ቆማለች።

«አሁንስ?» አልኩ።

«አሁን ያንቺ ተራ ነው፤ ጠይቂ» አለችኝ።

ገብስ ማሳ ዳር አረም የምትለቅም ሴት ነበረች፤ ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። የማን እንግዳ ናችሁ ስትለኝ «የጥሩወርቅ እህት ነኝ፣ ውድነሽ» አልኳት። የያዘችውን ጣለችው። «አክስቴ! እኔ አለሚቱ ነኝ፣ ልጇ!» ብላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ከላይ እስከ ታች አየችኝ፤ ከዚያ «ላብስራት፣ በቀስታ ኑ» ብላ ቀድማን ሮጠች።

ስንደርስ እህቴ ደጃፍ ላይ ቆማለች፤ አንድ እጇ መቃኑን ይዟል። አለሚቱ አጠገቧ ናት። ጥሩወርቅ አጭር ሆናለች፤ ወይ እኔ ነኝ ረዥም አድርጌ የያዝኳት።

«ውዴ!» አለች። «አረንጓዴ ጥለት አምሮብሻል!»

ብስክሌቱን መሬት ላይ ጣልኩት። በጊዜ ደረስን፣ ታያለች፣ በጊዜ ደረስን እያልኩ ነው የሮጥኩት፤ ጉልበቴም ያኔ ምንም አላለኝ። ሳትስመኝ ያዘችኝ። «ፀሐዩ ላይ ቁሚልኝ፣ ልይሽ» አለች። ቆምኩላት። ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ ብዙ ቆየች፤ አውራ ጣቷ ቅንድቤን፣ ጉንጬን፣ አገጬን አለፈ።

«እማዬን መስለሻል» አለችኝ። «አላረጀሽም።»

«አንቺ ደግሞ! አሮጊት ሆኛለሁ እኮ።»

«እኔ ያየሁትን ነው የምነግርሽ።»

እርጎ ቀረበልን፣ ትኩስ የገብስ ቂጣ ቀረበልን። ሁሉን የምታመላልሰው አለሚቱ ናት፤ እህቴ እንደ ሙሽራ ተቀምጣ እጄን አልለቅ አለች። እንዲህ ያለ ልጅ የወለደች ታደለች አልኩ በልቤ። እሑድን አብረን ታችኛው ሚካኤል አስቀደስን፤ በአለሚቱና በኔ መካከል ሆና፣ ክንዳችንን ይዛ ሄደች። ከሰዓት ሕሊና ስልኩን አምጥታ የመጣንበትን መስመር አሳየቻት።

«ኧረ እንዴት ያምራል!» አለች ጥሩወርቅ። «ቤቴስ የቱ ጋ ነው?»

«ገና አልተጻፈም። እስቲ ጣትዎን ይስጡኝ» ብላ ሕሊና ጣቷን ይዛ ነጩ ላይ አሳረፈችው። ምልክት ወጣ። ሕሊና ‹የጥሩወርቅ ቤት› ብላ ጻፈችበት።

«አየሁት» አለች እህቴ።

ሰኞ እስከ እብናት በብስክሌት ወርደን አቶ ሰይድ ሱቅ ጎራ አልን። ስለ ሁለቱ ሚካኤል ስነግራቸው «የኔ ጥፋት ነው» ብለው ምሳ ካልበላችሁ አልለቅም አሉ፤ ብስክሌቶቹንም ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ መኪና ላይ ራሳቸው ቆመው አስጫኑልን። ቤቴ ስገባ የሰፈሩ ሰው «አየችሽ ወይ?» ሲለኝ «አየችኝ፣ አላረጀሽም አለችኝ» እያልኩ ስኮራ ከረምኩ።

ከሦስት ዓመት በኋላ ጥሩወርቅ አረፈች። ለቅሶ ደርሼ ተመለስኩ፤ መንገዱን ያኔ ያገኘሁት በዚያው ምልክት ነው። ከዚያም ሌላ ሁለት ዓመት አለፈና አለሚቱ ባሕር ዳር መጥታ ቤቴ ሰነበተች። አንድ ቀን ሐይቁ ዳር ተቀምጠን ያንኑ የአረንጓዴ ጥለት ወሬዬን ሳወራላት አለቀሰች።

«አክስቴ» አለችኝ፣ «እናቴ ያን ቀን አላየችዎትም። እናንተ በጥቅምት መጣችሁ፤ ዓይኗ የጠፋው በፍልሰታ ነው። የጥለቱን ቀለም ሮጬ ሄጄ በጆሮዋ የነገርኳት እኔ ነኝ።»